ጋይሮ ከመግዛታችሁ በፊት ጎማውን ባላንስ አድርጉ

የሪሞት መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ችግር ይገጥመዋል። መኪናዋ በዝግታ ስትሄድ ደህና ናት፤ ፍጥነት ስትጨምር ግን መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። ያኔ አብዛኞቻችን የምናደርገው ተመሳሳይ ነው፤ ዕቃ እንገዛለን። መጀመሪያ አዲስ ኩሽኔታ፣ ቀጥሎ ወፈር ያለ የአምርዛተር ዘይት፣ በመጨረሻም መኪናዋን ቀጥ አድርጎ ይይዛል የተባለለት ጋይሮ። የእኔ አስተያየት አጭር ነው፦ ምንም ነገር ከመግዛታችሁ፣ ምንም ነገር በሶፍትዌር ከማስተካከላችሁ በፊት ጎማውን ፈትታችሁ ባላንሱን እዩ። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ምን እንደደረሰብኝ ልንገራችሁ።

ጥፋቱ የጡቡ መስሎኝ ነበር

የምኖረው ኮሎምበስ ኦሃዮ፣ ሾርት ኖርዝ ውስጥ ነው። ሃይ ስትሪት ላይ የብረት ቅስቶች የተደረደሩበት፣ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ጋለሪ ሆፕ ሲሆን መንገዱ በሰው የሚጨናነቅበት ሠፈር ነው። ለእግረኛ ደስ ይላል፤ ለሪሞት መኪና ግን አይመችም። ጉድዴል ፓርክ ውስጥ ሕፃንና ውሻ አይጠፋም። ወደ ቪክቶሪያን ቪሌጅና ወደ ኢታሊያን ቪሌጅ ዘወር ስትሉ ደግሞ ጡብ የተነጠፈባቸው መንገዶች አሉ፤ እዚያ ላይ ማንኛውም መኪና ይንቀጠቀጣል።

የእኛ መኪና 1፡8 መጠን ያላት ኤሌክትሪክ ባጊ ናት፤ ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ትመዝናለች። የገዛኋት ያገለገለች ነው። መጀመሪያ የነዳናት ከ9 ዓመት ልጄ ጋር በጡቡ መንገድ ላይ ስለነበር መንቀጥቀጧን ከመንገዱ ቆጠርኩት። በኋላ ባለቤቱን አስፈቅደን እሑድ ጠዋት ባዶ በሚሆን የመሥሪያ ቤት ፓርኪንግ መንዳት ጀመርን። አስፋልቱ ለጥ ያለ ነው። መኪናዋ ግን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስታልፍ እዚያም ትንቀጠቀጣለች፤ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅም አላት።

የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝና መጀመሪያ የታየኝ መፍትሔ አፕ መሥራት ነበር። አሮጌ አንድሮይድ ስልኬን ከመኪናዋ ጀርባ ላይ አሰርኩ፤ ከስልኩ አክስሌሮሜትር ንዝረቱን፣ ከጂፒኤሱ ፍጥነቱን እየመዘገበ ግራፍ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ግራፉ ላይ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 10 ጊዜ የሚደጋገም ማዕበል ታየ። በሰከንድ 10 ጊዜ ለጎማ በጣም ዝግ ያለ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የአምርዛተሩ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በዚያው ሳምንት ሁለት ነገር አደረግሁ። የአምርዛተሩን ዘይት ቀየርኩ፤ ግራፉም ዓይን እንዳያስቸግር ብዬ አምስት አምስት ንባብ እየወሰደ አማካዩን የሚያሳይ ማለስለሻ ጨመርኩበት። በሚቀጥለው እሑድ ግራፉ እንደ ውኃ ለጥ ብሎ መጣ። ልጄ ግን "አባዬ፣ ድምፁ እኮ አልተለወጠም" አለኝ። እኔም ስልኩን አሳየሁትና "ይኸው፣ ጠፍቷል" አልኩት።

ሦስተኛው ዙር ላይ የፊት ግራ ጎማ ተፈትቶ ወጣ። ጎማው መኪናዋን ጥሎ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ ከልጄ ጉልበት አጠገብ በጥቂት ስንዝር ርቀት አልፎ አጥሩን መታ። ልጄ ሳቀ። እኔ ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ሪሞቱን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። የጎማውን ዳዶ ያላላው ንዝረቱ ብቻ ነው ብዬ አልምልም፤ ከአነሳሴ በደንብ ሳላጠብቀው ቀርቼ ሊሆን ይችላል። ንዝረት የላላ ዳዶን ይበልጥ እንደሚያላላ ግን ማንም መካኒክ ያውቃል። ልጄን እዚያ ቦታ እንዲቆም ያደረግሁት ግን "ጠፍቷል" ያለኝን ግራፍ አምኜ ነው።

ከጎሚስታ ቤት የመጡ ሦስት ጥያቄዎች

በዚያው ምሽት አዲስ አበባ ጎሚስታ ቤት ለሚሠራ የአክስቴ ልጅ ቪዲዮውን በቴሌግራም ላክሁለት። በአሻንጉሊት የተቸገርኩ መስሎት ይስቅብኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን የደንበኛ መኪና የመጣለት ያህል ጠየቀኝ።

"ስንት ላይ ነው የሚጀምራት?"

"40 አካባቢ።"

"ፍሬን ስትይዝ ይብሳል?"

"አይብስም።"

"ወደ አንድ ጎን ትስባለች?"

"አትስብም።"

"በቃ ባላንስ ነው። ጎማውን ፈተህ አይተኸዋል?"

አላየሁትም ነበር። ኮድ ጽፌያለሁ፣ ዘይት ቀይሬያለሁ፣ ጋይሮ ለማዘዝ ዋጋ እያየሁ ነበር፤ ጎማውን ግን አንድም ቀን ፈትቼ አላየሁትም።

ጥያቄዎቹ በትልቁ መኪና የሚሠራባቸው ናቸው። ንዝረቱ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ብቻ ከመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባላንስ ነው። ፍሬን ሲያዝ ከመጣ ዲስኩ ወይም ታምቡሩ ይታያል። መኪናዋ ወደ ጎን የምትስብ ከሆነ ነገሩ አላይመንት ወይም የጎማ ንፋስ ነው። ሦስቱም መሣሪያ አይጠይቁም፤ ነጂው ያስተዋለውን መስማት ብቻ ይበቃል።

አንድ ግራም ምን ታደርጋለች?

"ይህቺ የምታህል ጎማ ላይ ግማሽ ግራም ምን ያመጣል?" የሚል ሰው አይጠፋም፤ እኔም ብዬዋለሁ። እስቲ እናስላው። የእኔ ጎማ ከዳር እስከ ዳር 11 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ዙር ሲዞር 34 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይሄዳል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ጎማው በሰከንድ 40 ጊዜ ይዞራል። ከመሐሉ 4 ሴንቲ ሜትር ርቃ ቸርኬው ላይ የተቀመጠች 1 ግራም ትርፍ ክብደት በዚያ ፍጥነት ወደ ውጭ የምትስበው 260 ግራም በሚያህል ጉልበት ነው። በየሰከንዱ 40 ጊዜ አቅጣጫዋን እየቀያየረች አክሰሉን ትጎትተዋለች፤ ኩሽኔታውን የሚበላው ይህ ነው።

ጉልበቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያቺው 1 ግራም 10 ግራም ያህል ብቻ ትስባለች፤ ማንም አያስተውላትም። በ100 ኪሎ ሜትር አንድ ኪሎ ትሆናለች። በ2014 አሜሪካ ውስጥ አንድ የሪሞት መኪና በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጣ ክብረ ወሰን ይዛለች። የእኔን የሚያክል ጎማ በዚያ ፍጥነት ቢዞር አንዷ ግራም ከ10 ኪሎ በላይ ትስባለች። ለፍጥነት የሚወዳደሩ ሰዎች ባላንስን እንደ ትርፍ ሥራ የማያዩት ለዚህ ነው።

ግራፉ ለምን ዋሸኝ?

ይህ ክፍል ለእኛ ለፕሮግራመሮች ነው። አንድሮይድ ለጌም ብሎ ያዘጋጀው የሴንሰር ምርጫ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ንባብ ይጠይቃል። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚያነብ መሣሪያ በትክክል ሊያሳይ የሚችለው በሰከንድ ከ25 ጊዜ በታች የሚደጋገም ነገርን ብቻ ነው። ከዚያ የፈጠነው አይጠፋም፤ መልኩን ቀይሮ እንደ ዝግ ያለ ማዕበል ብቅ ይላል። በሰከንድ 40 ጊዜ የሚመታው ጎማ ከ50 ላይ ተቀንሶ 10 ሆኖ ታየኝ። ፊልም ላይ የጋሪ ጎማ ወደ ኋላ የሚዞር የሚመስለንም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፍንጩ ዓይኔ ሥር ነበር። መኪናዋ 45 ስትሮጥ ግራፉ 14 ይላል፤ 50 ስትሮጥ 10፤ 55 ስትሮጥ 6። መኪናዋ በፈጠነች ቁጥር ንዝረቱ እየዘገየ ይሄዳል ማለት ነው፤ እንዲህ የሚሠራ አምርዛተር የለም። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ባይ ኖሮ ያኔውኑ ይገባኝ ነበር።

የባሰው ማለስለሻው ነው። በሰከንድ 50 ንባብ ሲወሰድ አምስት ንባብ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። በሰከንድ 10 ጊዜ የሚደጋገም ማዕበል በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ሙሉ ዙር ይጨርሳል፤ ላይ የወጣው ታች ከወረደው ጋር ተደምሮ አማካዩ ዜሮ ይሆናል። ከቁጥሮች ሁሉ መርጬ የፈለግሁትን ነገር ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋውን ቁጥር ጻፍኩ፤ ከዚያም ያጠፋው ዘይቱ መሰለኝ። ዘይቱንና ኮዱን በአንድ ሳምንት ባልቀይር ኖሮ ይህም ይታወቀኝ ነበር።

እንዴት ይሠራል?

ለአራቱ ጎማ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል።

1. ጎማውን ፈትታችሁ በብሩሽና በጨርቅ አጽዱ። ውኃ ውስጥ አትንከሩት፤ በመተንፈሻ ቀዳዳው የገባ ውኃና አሸዋ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ውስጥ ይቀራል።

2. መጀመሪያ ክብነቱን እዩ። አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር አጠገቡ አስጠግታችሁ በቀስታ አዙሩት። ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ከሆነ ጎማው ቸርኬው ላይ በትክክል አልተቀመጠም፤ ወደ ጎን የሚወላገድ ከሆነ ቸርኬው ተጣሟል ወይም አክሰሉ ላይ ያለው ባለ ስድስት ጎን ማያያዣ ቦታውን አልያዘም። ይህን ክብደት መለጠፍ አያስተካክለውም።

3. ማዞሪያ ላይ ስቀሉት። ለአውሮፕላን ሞዴል ፕሮፔለር የተሠራው የዱ-ብሮ ባላንሰር ለጎማም ይሆናል። ከሌላችሁ ቀጥ ያለ ለስላሳ የብረት ዘንግ ቅባቱ በታጠበ ሁለት ኩሽኔታ ላይ አድርጉ፤ ቅባት ካለው በነፃ አይዞርም። የ1፡8 ጎማ ቀዳዳ 17 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጎማውን በትክክል መሐል ላይ የሚይዝ ማስገቢያ ያስፈልጋል። መሐሉን ከሳተ የምታስተካክሉት የሌለ ጥፋት ነው።

4. በቀስታ አዙሩትና ራሱ እስኪቆም ጠብቁ። ታች የሆነውን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ሩብ ዙር አዙራችሁ ደግሙ። ምልክቱ ሁልጊዜ ወደ ታች ከመጣ ከባዱ ጎን እሱ ነው።

5. ከምልክቱ ትይዩ በተቃራኒው በኩል ግማሽ ግራም ግማሽ ግራም እያላችሁ ጨምሩ። የሚለጠፍ እርሳስ ቆርጦ መጠቀም ይቻላል፤ እንደ ልጆች ፕላስቲሲን የሚለጠፍ የባላንስ ጭቃም አለ። የሚለጠፈው በቸርኬው የውስጥ ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ጎማው ሲዞር ክብደቱ ራሱ ወደ ግድግዳው ይጫናል እንጂ ተወርውሮ አይወጣም። እርሳስ ከነካችሁ እጃችሁን ታጠቡ።

6. ጎማው የትም ቦታ ስታቆሙት እዚያው ከቆመ ጨርሳችኋል። ጎማው ሰፊ ከሆነ ክብደቱን ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን በውስጥ ጠርዝ፣ ግማሹን በውጭ ጠርዝ አድርጉ፤ አለዚያ ቆሞ ሚዛኑን የጠበቀ ጎማ ሲዞር ሊወላገድ ይችላል።

7. ዳዶውን አጥብቁ። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ደግማችሁ እዩት።

የእኔ የፊት ግራ ጎማ 2 ግራም ጠየቀ፤ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። ጎማውን ከቸርኬው ጋር ያጣበቀው ሱፐር ግሉ አንድ ጎን ላይ ተጠራቅሞ ደርቋል። ሌሎቹ ሁለቱ ከ1 ግራም አልበለጡም፤ አንዱ ምንም አላስፈለገውም። ከዚያ ማለስለሻውን ከኮዱ አወጣሁ፤ ንባቡንም በሰከንድ 200 አደረግሁ። አንድሮይድ 12 ያለ ልዩ ፈቃድ የሚሰጠው እስከዚያ ነው። የጎማው ንዝረት በእውነተኛ ቦታው፣ 40 ላይ ታየ፤ ቁመቱ ግን ትንሽ ሆኗል። ልጄ ግራፉን ሳያይ "አሁን ዝም አለች" አለኝ።

ለሚቃወሙኝ

ጋይሮ ጥሩ ነገር ነው። የትራክሳስ ቲኤስኤም ወይም የስፔክትረም ኤቪሲ ዓይነቱ ሥርዓት መኪናዋ ስትንሸራተት መሪውን ያርማል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ሲሠራ አይቼ ወድጄዋለሁ። የሚያርመው ግን መሪውን ነው፤ ጎማውን አያቀለውም። መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ ችግሩ የተፈታ ይመስላችኋል፤ ኩሽኔታው ግን መበላቱን፣ ዳዶውም መላላቱን አያቆሙም።

"ድሮን ላይ የሞተር ንዝረት የሚጠፋው በፊልተር አይደለም ወይ?" የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ነው። እዚያ ግን ፊልተሩ የሚዘጋጀው የሞተሩ ዙር ታውቆ ነው፤ የተጣመመ ፕሮፔለርም ይቀየራል እንጂ በፊልተር አይሸፈንም። ምንጩን ካወቁ በኋላ ማጣራት ምህንድስና ነው። እኔ ያደረግሁት ግን ምንጩን ሳላውቅ ምልክቱን ማጥፋት ነበር።

ጭቃ ላይ የሚነዱ ደግሞ "በአምስት ደቂቃ ጭቃ ይለጠፍበታል፤ ምን አደከመህ?" ይላሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። ጭቃው ግን ይታጠባል፤ የደረቀው ሙጫ ግን መኪናዋን በነዳችሁ ቁጥር አብሮ አለ። ድንጋይ ላይ በዝግታ ለምትወጣ መኪና ወይም ለሕፃን አሻንጉሊት ይህን ሁሉ አድርጉ አልልም። ሒሳቡ ራሱ አያስፈልግም ይላል። መኪናዋ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የምትሮጥና አጠገቧ ሰው የሚቆም ከሆነ ግን ምክንያት የላችሁም።

ስለ አማርኛው አንድ ነገር

አፑን በአማርኛ ነበር የሠራሁት። ዋናውን ቁልፍ "የመንኮራኩር ሚዛን ልኬት" ብዬው ነበር። የአክስቴ ልጅ ሲያየው "ይሄ የእህል ሚዛን ነው እንዴ? ባላንስ በለው" አለኝ። እውነቱን ነው። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ አምርዛተር፤ ብዙዎቹ ከጣሊያንኛ መጥተው ከጋራዡ አልፈው የሁላችን ሆነዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅባቸውም። መዝገበ ቃላት ይዤ ከጠረጴዛዬ ስም ሳወጣ የሠራሁት ስህተት ጎማውን ሳልፈታ ኮድ ስጽፍ ከሠራሁት የተለየ አይደለም። አማርኛ ሶፍትዌር የምትሠሩ ሁሉ ቃሉን በዕቃው ከሚሠራው ሰው ጠይቁ።

አሁን አፑ "ባላንስ" ነው የሚለው። ማለስለሻውን ተጠቃሚው ፈልጎ ካልከፈተው በስተቀር ዝግ አድርጌዋለሁ፤ ሲከፍተውም "የምታየው ግራፍ የተለሳለሰ ነው" የሚል ጽሑፍ ከላይ ይወጣል። እሑድ እሑድ ከመንዳታችን በፊት አራቱን ዳዶ በቁልፍ የሚፈትሸው ልጄ ነው። እኔ ስልኩን ሳስር እሱ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጁ ያዞራል፤ የሚቆመውም ከመኪናዋ መሄጃ ወደ ጎን ራቅ ብሎ ነው።